ከቆሻሻው ሥር የወጣው ንጣፍ፦ ከ1871 እስከ 1900 ቺካጎን የሰው መኖሪያ ያደረጋት ማነው?

ሐይቅ_ዳር (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት፤ እንደምን ሰነበታችሁ።

ቺካጎ ከገባሁ 14 ዓመት ሞላኝ። ሥራዬ የአዳር ነው፤ አዛውንቶችን እንከባከባለሁ። ጠዋት ስመለስ አውቶቡሱ በሃልስቴድ መንገድ ያልፋል፤ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ዳር አንድ የቆየ የጡብ ቤት አለ። ስንት ዓመት በመስኮት አይቼው አልፌያለሁ። በቀደም ዕለት እንቅልፌን ትቼ ወረድኩና በሩ እስኪከፈት ጠብቄ ገባሁ።

ቤቱ ሀል ሀውስ ይባላል። ጄን አዳምስና ጓደኛዋ ኤለን ጌትስ ስታር በ1889 ድሃውን ሰፈር ሊያገለግሉ ገብተው መኖር የጀመሩበት ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሁለቱም የተማሩ ሴቶች ናቸው። የእነሱ ብጤ ሁሉ ከድሃው ሰፈር ሸሽቶ ወደ ዳር ሲወጣ እነሱ መሀሉ ገቡ። ሰፈሩ 19ኛው ወረዳ ነው፤ ጣሊያኑ፣ ግሪኩ፣ አይሪሹ፣ ቦሄሚያው (የዛሬው ቼክ)፣ ከሩሲያና ከፖላንድ የመጣው አይሁድ ተደራርቦ ይኖርበት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው የቆሻሻው ነገር ነው። በየመንገዱ ዳር መሬት ላይ የተቸነከሩ ትልልቅ የእንጨት ሣጥኖች ነበሩ፤ ቆሻሻ የሚጣለው እነሱ ውስጥ ነው። ሞልተው ይፈሳሉ። ሕፃናቱ ሌላ መጫወቻ ስለሌላቸው የሚንጠላጠሉት እዚያው ላይ ነው። የሀል ሀውስ የሴቶች ማኅበር 12 አባላት በሳምንት ሦስት ምሽት፣ የቀን ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ጓሮ ለጓሮ መዞር ጀመሩ። በኦገስትና በሴፕቴምበር ሙቀት፣ በሁለት ወር ብቻ፣ ተጣርቶ የተረጋገጠ 1037 የደንብ ጥሰት መዝግበው ለጤና ቢሮ ላኩ።

ለውጥ ሲጠፋ፣ በተከታዩ ጸደይ አዳምስ የወረዳውን ቆሻሻ እኔ ላንሳ ብላ ጨረታ ገባች። በፎርማሊቲ ጉድለት ተብሎ ወረቀቷ ወደቀ። ከንቲባው ግን የወረዳው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾማት፤ ደመወዟ በዓመት 1000 ዶላር። ይህ የሆነው በ1895 ነው። ጠዋት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እየተነሳች የቆሻሻ ጋሪዎቹን እስከሚደፉበት ድረስ ትከተላለች። 9 የነበሩትን ጋሪዎች መጀመሪያ 13፣ ከዚያ 17 አስደረገች።

እና አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ቆሻሻው ሲዛቅ፣ ሲዛቅ፣ 18 ኢንች ከወረዱ በኋላ የተነጠፈ መንገድ ብቅ አለ። 18 ኢንች በእኛ አንድ ክንድ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ያረጁ ሰዎች እንኳ ንጣፍ መኖሩን አያውቁም ነበር። ኋላ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ሲገለበጥ ተጽፎ ተገኘ።

በ1870 ቺካጎ 300,000 የማይሞላ ሕዝብ ነበራት። በ1890 ወደ 1,100,000፣ በ1900 ወደ 1,700,000 ደረሰች። ስለዚያ ዘመን ስንማር የሰማነው ባቡርና ፎቅ፣ ባለ ጸጎቹ ሮክፌለርና ካርኔጊ ነው። እኔ ግን ልጠይቃችሁ፦ ያ ሁሉ ሰው በ30 ዓመት ሲጎርፍ ከተማዋን የሰው መኖሪያ ያደረጋት ማነው? የእኔ መልስ እነዚያ 12 ሴቶች ናቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አንጋፋው

ልጄ ሐይቅ ዳር፣ እጅሽ ይባረክ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ታሪክ አስተማሪ ነበርኩና ጥቂት ልጨምርልሽ።

የ1890ው ቁጥር የወሊድና የስደተኛ ብቻ አይደለም። በ1889 ሃይድ ፓርክ፣ ሌክ፣ ሌክ ቪውና ጄፈርሰን የሚባሉት የዳር ከተሞች በድምፅ ወደ ቺካጎ ተጠቃለሉ፤ በአንድ ቀን ከ200,000 በላይ ሰው ገባ። ይህን ካልያዝን ዕድገቱን እናጋንነዋለን። ሳይጋነንም ቢሆን የሚያስደንግጥ ነው። በ1890 ከ10 የቺካጎ ሰው 4ቱ ውጭ አገር የተወለደ ነበር።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው መጓጓዣውን ነው። የድሮ ከተማ በእግር የሚደረስበት ነበር። ነጋዴው ከመጋዘኑ አጠገብ ይኖራል፤ አናጢው ከኋላው፤ አገልጋዩ ከጓሮ። ሀብታምና ድሃ የተለያየ ኑሮ ቢኖሩም መንገድ ላይ ይተያያሉ። በ1871 ታላቁ የቺካጎ እሳት መጣ፦ ከኦክቶበር 8 እስከ 10፣ 300 ያህል ሰው ሞተ፣ ወደ 100,000 ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። ከእሳቱ በኋላ መሀል ከተማ በእንጨት እንዳይሠራ ተከለከለ፤ በጡብ መሥራት የማይችለው ሠራተኛ ወደ ዳር ተገፋ። በ1882 በገመድ የሚጎተት ትራም ገባ፣ በ1892 ከመንገድ በላይ የሚሄደው ባቡር፤ በዚሁ ዘመን በኤሌክትሪክ የሚሠራውም ተስፋፋ። የትራም ሳንቲም በየቀኑ መክፈል የሚችለው ባለ ደመወዝ ዛፍ ያለበት ሰፈር ሄደ። የማይችለው ከፋብሪካው ጢስ ሥር ቀረ። መተያየት የቆመው ያኔ ነው። አዳምስ ወደ ሃልስቴድ ስትገባ ያቋረጠችው ይህን መስመር ነው፤ የሥራዋም ትልቅነት ለእኔ እዚያ ላይ ነው።

የቧንቧ_ልጅ

ጋሼ አንጋፋው፣ ስለ ትራሙ ያሉት በጣም ግሩም ነው። እህታችን ግን ቅር አይበልሽ፣ እኔ የውሃና ፍሳሽ መሐንዲስ ነኝና መልሴ የተለየ ነው። ቺካጎን ያዳናት ቦዩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቺካጎ ወንዝ ወደ ሚቺጋን ሐይቅ ይፈስ ነበር። የከተማው ፍሳሽ፣ የቄራው ደምና ፈርስ ሁሉ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ወንዙ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል፤ የሚጠጣው ውሃ የሚቀዳው ደግሞ ከዚያው ሐይቅ ነው። በ1867 ሐይቁ ሥር ሁለት ማይል ርቆ የሚሄድ ዋሻ ቆፍረው ከዚያ ወዲያ መቅዳት ጀመሩ። ጥሩ ነበር፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ቆሻሻው እዚያም ይደርሳል። በ1891 በታይፎይድ ብቻ ወደ 2000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል።

ስለዚህ ወንዙን ገለበጡት። በ1889 የፍሳሽ አስተዳደር አቋቋሙ፣ ከ1892 ጀምሮ 28 ማይል ቦይ ቆፈሩ፣ ድንጋዩን በዲናሚት እያፈረሱ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1900 ውሃው ተለቀቀና ወንዙ ፊቱን አዙሮ ከሐይቁ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሚሲሲፒ መፍሰስ ጀመረ። ታች ያለው የሚዙሪ ግዛት ቆሻሻችሁን ላካችሁብን ብሎ ከሰሰ፤ በ1906 ተረታ።

ሴቶቹ መንገዱን አጸዱ፤ እሰየው። ግን አንድ ወረዳ ነው። ቦዩ ከተማውን ሙሉ ነው ያዳነው።

ተጓዥ

በ1885 ጎርፍ መጥቶ በኮሌራና በታይፎይድ 90,000 ሰው አልቆ ነው ቦዩ የተቆፈረው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከከተማው ሕዝብ ስምንተኛው እጅ ማለት ነው።

የቧንቧ_ልጅ

ወንድሜ ተጓዥ፣ ይህ ወሬ ብዙ ቦታ ታትሟል፤ ግን አልሆነም። በኦገስት 1885 ከባድ ዝናብ መጣሉ እውነት ነው። 90,000 ሰው ሞተ የሚለው ግን ሐሰት ነው፤ የዚያን ዓመት የሞት መዝገብ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። እንደ ወይዘሮ ኦሊሪ ላም ነው፤ እሳቱን ላሟ ፋኖስ ረግጣ አስነሳች ሲባል ሰው እስካሁን ያምናል።

ሐይቅ_ዳር

የቧንቧ ልጅ፣ ቦዩን አልነካብህም። ግን ዓመቱን ልብ በል። ውሃው የተለቀቀው በ1900 ነው። በ1902 በጋ ቺካጎ እንደገና ታይፎይድ ገባ። 19ኛው ወረዳ ከከተማው ሕዝብ 36ኛ እጅ ብቻ ነበር፤ ከሞቱት ግን 6ኛው እጅ የዚህ ወረዳ ሰው ነው። ቦዩ ተቆፍሮ ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ!

የሀል ሀውስ ሰዎች ቤት ለቤት ሄደው ቧንቧውን፣ ሽንት ቤቱን ፈተሹ። ትልቁ ቱቦ በመንገዱ ሥር አለ፤ ቤቱ ግን አልተገናኘም። ባለ ቤቱ ከኪራይ ላይ አንድ ሳንቲም መቀነስ አልፈለገም። ተቆጣጣሪው አይቶ እንዳላየ አለፈ። ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን ክፍት ሽንት ቤቶቹ ላይ የሚያርፉትን ዝንቦች ሰብስባ መረመረች። ነገሩ ሲጋለጥ ከንጽሕና ቢሮው ሠራተኞች ገሚሱ ተከሰሱ፤ ከ24ቱ 11ዱ ከሥራ ወጡ። ቱቦው ቤት ካልገባ ለማን ነው?

የቧንቧ_ልጅ

ልክ ነሽ፤ ደጁ ላይ የቆመ ቱቦ ውሃ አያጠጣም። ይህን በየሥራ ቦታው አይቼዋለሁ፤ ዋናው መስመር ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ የቤት ቅጥያው ይረሳል። ተረትቻለሁ።

አንዱን ብቻ ላስተካክል፤ ሃሚልተን ራሷ በኋላ ያመነችው ነው። የ1902ው ዋና መነሻ ዝንቡ አልነበረም። በሰፈሩ የውሃ መግፊያ ጣቢያ ስብራት ደርሶ ፍሳሹ ከሚጠጣው ውሃ ጋር ተቀላቀለ፤ ስብራቱ ተገኝቶ እስኪደፈን ሰፈሩ ለሦስት ቀን ያንን ጠጣ። የጤና ቢሮው ነገሩን ሸሸገው። እኔ የማዝነው ለእነዚያ ሦስት ቀናት ነው። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው አንድ የሚያምነው መሐንዲስ ቢኖረው ኖሮ።

መርካቶ_ልጅ

ሁላችሁም የረሳችሁት አንድ ሰው አለ። ጆኒ ፓወርስ።

ከ1888 ጀምሮ የ19ኛው ወረዳ የምክር ቤት ተመራጭ ነው። ሙስናውን አልክድም፤ ለትራሙ ባለቤት ለቻርልስ የርክስ የመንገድ ፈቃድ ሲያሳልፍ እጁ ንጹሕ አልነበረም። ግን እስቲ ከደቡብ ጣሊያን የመጣውን ሰው አስቡት። ቋንቋ የለው፣ ዘመድ የለው። ልጁ ቢታሰር ማን ጋ ይሂድ? ፓወርስ ዋስ ይሆናል። ኪራይ ቢጎድል ፓወርስ ይሞላል። ሠርግ ላይ ስጦታ ይዞ ይገኛል፣ ለቅሶ ላይ ሠረገላ ይልካል። በገና ስድስት ቶን የቱርክ ዶሮ ያከፋፍላል፤ እየጨበጠ፣ መልካም ገና እያለ፣ በገዛ እጁ ወይም በወዳጆቹ እጅ። ከወረዳው 2600 ሰው በመንግሥት ሥራ አስቀጥሬያለሁ ይል ነበር። ይህ ከመራጩ ሢሶው ነው።

እኔ አዲስ አገር ገብቼ ሥራ ያገኘሁት በሰው ነው። ማመልከቻ ሞልቼ አይደለም። እነዚያ የተማሩ ሴቶች ትክክለኛውን ነገር ይናገራሉ፤ ፓወርስ ግን ዛሬ የሚበላ ያመጣል። ድሃ ሰው ነገን መጠበቅ አይችልም።

ስፌት

ገናን ካነሳህ፣ እኔም የገና ነገር ልንገርህ።

የሀል ሀውስ የመጀመሪያው ገና ላይ ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ ቀረበ። ትንንሽ ልጃገረዶች አንፈልግም አሉ። ለምን ሲባሉ፣ የምንሠራው ከረሜላ ፋብሪካ ነው፣ ማየቱ አስጠልቶናል አሉ። ለካ ከበዓሉ በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ሲሠሩ ከርመዋል።

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። እኔ ልብስ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስሜቱን አውቃለሁ፤ የምሰፋውን ሸሚዝ አይነት ገበያ ላይ ሳይ ዛሬም ጣቴን ያመኛል።

ወንድሜ፣ ለእነዚያ ልጆች ዶሮ ምን ያደርግላቸዋል? የጠቀማቸው ሕግ ነው። ፍሎረንስ ኬሊ የምትባል ሴት በ1891 መጨረሻ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከባሏ ሸሽታ ሀል ሀውስ ገባች። የስፌቱን ሥራ መመርመር ጀመረች። ጨርቁ ፋብሪካ ይቆረጥና በየቤቱ ይበተናል፤ ሚስት፣ ልጅ፣ አያት፣ ሁሉም እዚያው በሚተኙበት ክፍል ይሰፋሉ፤ ክፍያው በቁጥር ነው። በ1893 ኢሊኖይ ሕግ አወጣ፦ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፋብሪካ እንዳይሠራ፣ ሴት በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ። አገረ ገዢው አልትጌልድ ኬሊን ዋና የፋብሪካ ተቆጣጣሪ አደረጋት። ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ሲገባ በሽተኛ ከተኛበት አልጋ ጎን ኮት እየተሰፋ ታገኝ ነበር፤ ያ ኮት ሄዶ ሀብታሙ ይለብሰዋል።

በ1895 ፍርድ ቤቱ የ8 ሰዓቱን አንቀጽ ሻረው። ሴት የፈለገችውን ያህል ለመሥራት የመዋዋል ነጻነቷ ተነካ ብሎ። ስድስት ዓመት ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ነጻነት እንዴት እንደሚሰማው እኔን ጠይቁኝ። የልጆቹ ክልከላ ግን ጸና።

ደግሞ ጄን ክለብ የሚባል ነበር፤ ሴት ሠራተኞች ተሰብስበው ተከራይተው፣ አዋጥተው የሚኖሩበት። ሐሳቡ የመጣው አድማ መትተው ሥራ ሲያቆሙ መጀመሪያ የሚሰበሩት ኪራይ መክፈል የማይችሉት ስለሆኑ ነው። እነሱ ራሳቸው ያሰቡት ነው። የሚመሩትም እነሱ ነበሩ።

አንጋፋው

ስፌት ልጄ፣ የ8 ሰዓቱን ነገር ካነሳሽ የኋላውን መዘንጋት የለብንም። ሜይ 1 ቀን 1886 ቺካጎ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ «8 ሰዓት ሥራ» ብሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ ከአንድ ፋብሪካ ደጅ ሠራተኞችን ተኩሶ ገደለ። በማግስቱ፣ ሜይ 4፣ ሄይማርኬት አደባባይ ላይ ስብሰባው እየተበተነ ሳለ አንድ ሰው ቦምብ ጣለ። ፖሊሶችም ሰላማዊ ሰዎችም ሞቱ። የጣለው ሳይታወቅ ስምንት ሰዎች ተፈረደባቸው፤ አራቱ በኖቬምበር 1887 ተሰቀሉ፤ አንዱ በእስር ቤት ራሱን ገደለ። የቀሩትን ሦስቱን በ1893 በምሕረት የፈታቸው ያው አልትጌልድ ነው። ፍርዱ ፍትሐዊ አልነበረም ብሎ ጽፎ ነው የፈታቸው፤ ከዚያ በኋላ በድጋሚ አልተመረጠም።

እኔ በወጣትነቴ ሚያዝያ 23 አዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ስንት ጊዜ ተሰልፌያለሁ። ቀይ ጨርቅ ይዘን፣ መዝሙር እየዘመርን። ያ ቀን ሜይ 1 መሆኑን እናውቃለን፤ ከቺካጎ የመጣ መሆኑን ግን የነገረን አልነበረም። ስለ እነዚያ የተሰቀሉ ሰዎች ያነበብኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። በጣም ነው የቆጨኝ።

ሐይቅ_ዳር

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እኔም ሚያዝያ 23ን የማውቀው በበዓልነቱ ብቻ ነበር።

መርካቶ ልጅ፣ ስለ ፓወርስ ያልከውን አዳምስ ራሷ በ1898 ጽፋዋለች፤ ቁጥሮቹንም ጭምር። በአንድ ነገር ደግሞ አንተ ትክክል ነህ፤ እሷም ታምናለች። አንድ ሕፃን ሀል ሀውስ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ተጥሎ ተገኝቶ ጥቂት ሳምንት ተንከባከቡት፤ አልተረፈም። እነሱ በመንግሥት ወጪ ይቀበር ብለው ለ5 ሰዓት ሰው ቀጠሩ። ገና 3 ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው መጡ። ብር አዋጥተዋል፤ ሕፃኑ እንደ ሰው መቀበር አለበት አሉ። ሴቶቹ ሊያስረዱ ቢሞክሩ ሰፈሩ ደነገጠ። አዳምስ የጻፈችው፣ እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት ሊሠራ አይችልም ብላ ነው። ቀብር ለድሃ ምን ማለት እንደሆነ ፓወርስ ያውቅ ነበር፤ እሷ አላወቀችም። እድር ላለን ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ግን ወንድሜ፣ ያው ፓወርስ ነው ቆሻሻው ሳይነሳ እንዲቀር ያደረገው። ለጋሪው የሚከፈለውን የሚቀበለው የእሱ ሰው ነበር። ሠረገላውን ለቅሶ ላይ የሚልክበት ሕፃን በዚያ ቆሻሻ ታሞ የሞተ ቢሆንስ? በ1896 እና በ1898 ሊያወርዱት ሞከሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አሸነፋቸው።

መርካቶ_ልጅ

የሕፃኑን ታሪክ አላውቀውም ነበር። ሆዴን በላው።

አሁንም ግን ሰውየውን አልጥለውም። ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ሕዝቡ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ማን ለቅሶ እንደሚደርስ ያውቃላ። እነሱ ለቅሶ መድረስን ቢማሩ ኖሮ በ1898 ያሸንፉት ነበር የሚል እምነት አለኝ።

ቀያሽ

እዚህ ላይ ኒው ዮርክን ላስገባ፤ ሕግ ወጥቶም ነገር ሊበላሽ እንደሚችል ያሳያልና። ሥራዬ የሕንፃ ፕላን መሣል ነው።

በ1879 ኒው ዮርክ እያንዳንዱ ክፍል መስኮት ይኑረው ብላ ደነገገች። ቦታው 25 ጫማ በ100 ጫማ ነው፤ ቀጭንና ረጅም። ባለ ቤቶቹ ምን አደረጉ፣ ሕንፃውን ከመሀሉ ሁለት ጎኑን ጎደል አድርገው ሠሩት፤ ከላይ ሲታይ የክብደት ማንሻ ዱምቤል ይመስላል። ከጎረቤቱ ሕንፃ ጋር ሲገጠም መሀል ላይ 28 ኢንች ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቀራል። መስኮቱ የሚከፈተው ወደዚያ ነው። እጃችሁን ብትዘረጉ የጎረቤትን ግድግዳ ትነካላችሁ። በአንድ ፎቅ አራት ቤት፣ 14 ክፍል፤ ቀጥታ ብርሃን የሚያገኙት 4 ክፍሎች ብቻ። ሽንት ቤት በየፎቁ ኮሪደር ላይ ሁለት። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻ ይጣላል፣ ሽታው በየመስኮቱ ይገባል፤ እሳት ሲነሳ ደግሞ እንደ ጭስ ማውጫ ነበልባሉን ወደ ላይ ይስበዋል። ይህ ፕላን በውድድር ያሸነፈ ነው! እንዲህ ያለው ሕንፃ እንዳይሠራ የተከለከለው በ1901 ነው።

እኔ ይህን ፕላን አንድ ጊዜ ለራሴ በመጠኑ ሥዬው ነበር። የመኝታ ክፍሉን ስለካ አልጋ ካስገባሁ በኋላ የሚቆምበት ቦታ አጣሁ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

የቺካጎው ድሃ ሰፈር ዝቅ ያለ የእንጨት ቤት ነበር፤ ከኋላው ሌላ የእንጨት ቤት፣ ከዚያም ጓሮ። ብርሃን ይሻላል፤ ፍሳሹ ግን እህታችን እንዳለችው ነው።

ጥቁር_ዓባይ

ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። አንድ ሕዝብ ግን አልተጠራም።

ቺካጎ በ1890 ወደ 14,000 ጥቁሮች ነበሯት፤ በ1900 30,000። ጣሊያኑና ፖላንዱ ፋብሪካ ሲገባ ለእነሱ በሩ ዝግ ነበር። ሥራቸው የሰው ቤት ማገልገል፣ ምግብ ማቅረብ፣ ባቡር ላይ ሻንጣ መሸከም ነው። ፓወርስ የሚያስቀጥረው እነሱን አይደለም፤ የከረሜላ ፋብሪካውም እነሱን አይቀጥርም።

ኤማ ሬይኖልድስ የምትባል ወጣት ነርስ ልሁን ብላ አመለከተች፤ በቆዳ ቀለሟ ምክንያት የተቀበላት ትምህርት ቤት አልነበረም። ሐኪሙ ዳንኤል ሄል ዊሊያምስ ማኅበረሰቡን አስተባብሮ በ1891 ፕሮቪደንት ሆስፒታልን ከነነርስ ትምህርት ቤቱ ከፈተ። ነጭም ጥቁርም የሚታከምበት፣ ነጭም ጥቁርም ሐኪም የሚሠራበት። በ1893 ዊሊያምስ ደረቱን በጩቤ የተወጋ ሰው ልብ አካባቢ ከፍቶ ሰፋ፤ ሰውየው ድኖ ሄደ።

በዚያው ዓመት ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ቺካጎ ላይ ተከፈተ። ነጭ ቀለም የተቀቡ ቤተ መንግሥት የሚመስሉ ሕንፃዎች፣ የኤሌክትሪክ መብራት፣ መሐንዲሱ ፌሪስ ያቆመው ሰው አሳፍሮ የሚሽከረከር ትልቅ መንኮራኩር። ጥቁር አሜሪካውያን ከዝግጅቱ ተገለሉ። ከባርነት ያመለጠው የነጻነት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስ እዚያ የተገኘው የሄይቲ መንግሥት ወክሎት ነው። እሱና ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ. ዌልስ ጥቁሮች ለምን እንደተገለሉ የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅተው እዚያው በእጃቸው ለጎብኚ አደሉ። አስቡት፤ የተወለደበት አገር ትርዒት ላይ የሚቆምበትን ቦታ የሰጠው ሌላ አገር ነው።

ስለዚህ «ከተማዋን የሰው መኖሪያ ያደረጋት ማነው» ስንል ለየትኛው ሰው የሚለውም አብሮ ይጠየቅ።

ሐይቅ_ዳር

ጥቁር ዓባይ፣ ይህን መጀመሪያ እኔ ማንሳት ነበረብኝ። የምሠራበት ቤት ያሉት እናት ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ 91 ዓመታቸው ነው። ትናንት ማታ ስለ ፕሮቪደንት ሳነሳባቸው ከትራሳቸው ቀና አሉ። እናታቸው እዚያ ነው የወለደቻቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወሩኝ አደሩ።

ተጓዥ

እህቴ፣ በሚቀጥለው ወር ቺካጎ እመጣለሁ። ያ ሰፈር አሁን አለ? የተቆፈረውን መንገድ ማየት ይቻላል?

ሐይቅ_ዳር

ሰፈሩ የለም። ሀል ሀውስ አድጎ አድጎ 13 ሕንፃ ደርሶ ነበር። በ1961 ከንቲባው ዩኒቨርሲቲ እዚህ ይሠራ አሉ። የሰፈሩ ሰዎች ተነሡ፤ የመራቻቸው ፍሎረንስ ስካላ ናት። አባቷ ከጣሊያን የመጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሷም በልጅነቷ ሀል ሀውስ እየሄደች ያደገች። ከሴቶች ጋር ሆና ከንቲባው ቢሮ ገብታ ተቀመጠች፤ ክሱን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰች። በ1963 ተረታች። ቤቶቹ ፈረሱ፣ ግሪኩም ጣሊያኑም ተበተነ። ከ13ቱ የቀሩት አሮጌው ቤትና የምግብ አዳራሹ ብቻ ናቸው።

ስትመጣ ግን ካርታዎቹን አሳይሃለሁ። በ1895 አሳትመዋቸው ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት በነዋሪው አገር ቀለም ተቀብቷል፣ ሲሶ ማይል ካሬ በማይሞላ ቦታ የ18 አገር ሕዝብ። ሌላው ካርታ የሳምንት ገቢ ነው፤ 5 ዶላርና ከዚያ በታች የሚያገኘው ቤተሰብ በጥቁር። በር እያንኳኩ፣ እየጠየቁ፣ ቤት በቤት ነው የሞሉት። እኔ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። 11 ዓመቷ ነው። ጥቁሮቹን ቤቶች በጣቷ እየተከተለች እንድትቆጥራቸው እፈልጋለሁ።